ከዊልቸሬ የተነሳሁላት ሴት

ይህን የምናገረው በራሴ አፍ ነው። እጄ እንደ ድሮው እስክሪብቶ አይጨብጥም፤ ስለዚህ በልጄ ስልክ ድምፄን እየቀዳሁ እሷ በኋላ ወደ ጽሑፍ ገለበጠችው። ሶስና ትባላለች። ከመጀመራችን በፊት ቃሌን እንዳታለሳልስ አስምዬአታለሁ። ሰው ይቀየማል ብላ የዘለለችው ነገር ካለ ስታነብልኝ እይዛታለሁ። ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ የተበደልኩት ግን እስካሁን አልጠፋብኝም።

አስካለ እባላለሁ። ላፍቶ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ይዤ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ስሰፋ ነው ያረጀሁት። ስለ ሕመሜ የማወራው እንዲታዘንልኝ ፈልጌ አይደለም። ሐኪም ቤት ስሄድ እናታቸውን በዊልቸር የሚገፉ ልጆች አያለሁ። እንደ እንቁላል ነው የሚይዟቸው። ብርድ ልብሱን አገጫቸው ድረስ ስበው፣ ውሃውን እነሱ አጠጥተው፣ አፋቸውንም እነሱ ጠርገው። ልጄም እንደዚያ ነበር የያዘችኝ። ያ አያያዝ ምን እንዳደረገኝ ብናገር ለአንዱ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በእጅጌ ነው። አንድ ሰማያዊ የዩኒፎርም ሸሚዝ ሰፍቼ ላሰፋችኝ ሴት ሰጠሁ፤ ሴትዮዋ ዘርግታ አየችውና ሳቀች። ሁለቱም እጅጌ የግራ ነበር። መብራት ሲሄድ ሲመጣ ተሳሳትኩ አልኳት። መብራቱ ግን አልሄደም ነበር፤ ያንን እኔ ነበርኩ የማውቀው።

ከዚያ ሰው ሰላም ስል ስም መጥራት ተውኩ። «ሰዎቹስ ደህና ናቸው?» እላለሁ፤ ሰው የሌለው የለምና ሁሉም ደህና ናቸው ይለኛል። አንድ ቀን ከጎፋ ክርና ቁልፍ ገዝቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ የት እንደምወርድ ጠየቀኝ። ሰፈሬ ከምላሴ ላይ ጠፋ። ሌሎቹ «ወራጅ አለ» ሲሉ እኔም አብሬ ወረድኩ፤ ለቡ ነበር። በግንባታ አጥር ሥር፣ የተከመረ ብሎኬት አጠገብ ቆሜ የክር ከረጢቴን እንደ ልጅ አቅፌ ቀረሁ። አንዲት በቆሎ የምትጠብስ ሴት በርጩማዋን ሰጠችኝ፤ ከስልኬ ላይ ሶስናን ደውላ ጠራችልኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። የእሷ ዝምታ እስከ ዛሬ ይከብደኛል፤ በደግ በኩል።

በመጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ዕድሜ ነው አለ። ሁለተኛው ደም ግፊት ነው ብሎ ኪኒን ሰጠኝ፤ ግፊቱስ እውነት ነበር፣ የቀረውን ግን አላየውም። ሦስተኛው ባለቤቴ ከሞተ ብዙ አለመቆየቱን ሲሰማ ጭንቀት ነው አለና የሚያስተኛ መድኃኒት አዘዘልኝ። ያ መድኃኒት ቀን ሙሉ አደንዝዞ ያውለኝ ነበር። ቤተ ሰቡ ደግሞ «ተረጋጋች» አለ። በኋላ የወደቅሁትም በዚያ ኪኒን ሳቢያ ይመስለኛል፤ ሐኪሙን ባገኘው እነግረው ነበር።

ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ነበር። እኔ ፊታቸው ተቀምጬ «መቼ ጀመራት? ትበላለች? ሽንቷን ትቆጣጠራለች?» እያሉ ሶስናን ይጠይቃሉ። አንዴ «ልጄ፣ አፍ አለኝ» አልኩት አንዱን። ፈገግ አለና ወደ እሷ ዞሮ «እንዲህ ትቆጣለች?» አለ።

ተራ መጠበቁ ደግሞ ሌላ ነው። ሰው የሚፈራው የሚነገረውን ነው ይባላል። እኔ የምፈራው ስሜን ሲጠሩ የእኔ ስም መሆኑን እንዳልስት ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች፣ እሷም ታማሚ የሆነች ሴት ጣቶቼ ነጠላዬን ሲያፍተለትሉ አየች። «ስምዎን ይንገሩኝና ሲጠሩ እኔ እነካዎታለሁ» አለችኝ። ነገርኳት። ተራዋ ቀድሞ ደርሶ ስትነሳ፣ ከኋላችን ለተቀመጠ ሰውዬ ስሜን አስረከበችለት።

በመጨረሻ የአንጎል ሐኪም ዘንድ ደረስን። በዚያን ሰሞን የሶስና አንገት ላይ የነበረው ሐብል ጠፍቷል፤ አይቻለሁ፣ አልጠየቅኋትም። ሐኪሙ የጭንቅላቴን ፎቶ መብራት ላይ ሰቀለና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። «ወይዘሮ አስካለ» ብሎ ጀመረ። ዲሜንሺያ ይባላል አለ፤ የመርሳት ሕመም። የእኔው በአንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እየተደፈኑ የመጣ ነው፤ ደም ያልደረሰበት ቦታ ሥራውን ያቆማል። የጠፋውን መልሶ የሚያመጣ መድኃኒት የለም፤ ግፊቱን ከጠበቅን፣ ሰውነቴንም ካንቀሳቀስኩ ግን አካሄዱን ማዘግየት ይቻላል አለኝ። የሚያስተኛውን ኪኒን ቀስ በቀስ አስተወኝ። ኪኒኑን ሁሉም ሰምቶ ነበር። መንቀሳቀሱን የሰማ የለም፤ እኔም ጭምር።

ብዙም ሳንቆይ፣ ኪኒኑን ጨርሼ ሳልተው፣ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ወደቅሁ። ዳሌዬ ተሰበረ፣ ተጠገነ፣ ብረት ገባበት። ከሆስፒታል የወጣሁት በዊልቸር ነው።

ከዚያ በኋላ መከበር መጣ።

እጄን እዚያው ያስታጥቡኛል። ያጎርሱኛል። ጎረቤት ገብቶ ብርጭቆ ላነሳ ስል «ኧረ አይድከሙ» ብሎ ከእጄ ይቀበለኛል። ልብሴን ያለብሱኛል፣ ጸጉሬን ያበጥሩኛል። ትራስ ላቃና ክንዴን ካነሳሁ ሦስት ሰው ብድግ ይላል። በእኛ ዘንድ ለታመመ ሽማግሌ የሚደረገው የመጨረሻው ክብር አለማስነሳት ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን ከጥምቀት እስከ ጥምቀት እንዲያ ስከበር ቆይቼ አንድ ቀን እግሬን አየሁት፤ የሌላ ሰው እግር ይመስል ነበር። ቀጭን፣ ጸጥ ያለ። ጉልበቴ ተቀምጬ እንደዋልኩት ታጥፎ ቀረ። ከዊልቸር ወደ አልጋ የምሄደው ሶስናና የምትረዳን ልጅ ብብቴን ይዘው ሲያነሱኝ ነው። ትከሻዬ ያብጣል፤ የሶስናም ወገብ መታመም ጀመረ። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ቆማ ነው የምትውለው። ረዳታችን አገሯ ለመግባት በተነሳች ጊዜ ጉዳዩ ወደ ቤተ ሰብ ሸንጎ ወጣ።

እዚህ ላይ እትዬ ዘነበችን ማስገባት አለብኝ።

የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት ነች። ለቡ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አላት። ወደ ቤተ ሰባቸው ሙሽራ ሆኜ ስገባ ልጅ ነበርኩ። ሰው ሲገባ የተቀመጠ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳል፤ የገባው «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህን የማያውቅ የለም። እሷ ስትገባ እነሳላታለሁ። እሷ ግን «በእግዜር» አትልም። ቀስ ብላ ታልፋለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከወንድሟ ጋር ትሳሳማለች፣ ቦታዋን ትመርጣለች፤ እኔ ቆሜ ነኝ። እሷ ሳትል ብቀመጥ ባለጌ ነኝ። ሶስናን አርግዤ፣ ሆዴ ገፍቶ፣ እግሬ አብጦ ሳለሁ እንኳ የገብስ ቆሎዋን እየቆረጠመች አቆመችኝ። ባለቤቴ ያያል፤ ዝም ይላል። እሱንም አልረሳሁለትም፤ ነፍስ ይማር።

እሱ በሞተ ጊዜ፣ ሐዘን ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ አልተነሳሁም። ሰው ሁሉ ተነሳ፤ እኔ ፍራሼ ላይ ቀረሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ዳግም እንዳልነሳላት በልቤ ማልሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልተነሳሁላትም፤ ጤነኛ እግር እያለኝ።

ስታመም እሷ ናት ለእድሩ ሴቶች «አስካለ እኮ አልቆላታል» ያለችው። ቤቴ መጥታ፣ እኔ ፊት፣ ስለ ቁም ሣጥን እንደሚወራ ስለ እኔ ታወራለች። ይጠወልጋሉ ብላ አበቦቼን ለሰው የሰጠችውም እሷ ናት።

በሸንጎው የባለቤቴ ታናሽ ወንድምና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ነበሩ። እሷ አስቀድማ ተናገረች።

«እኔ ዘንድ ትምጣ። ምድር ቤቱ ባዶ ነው፣ ሁለት ሠራተኛ አለኝ። ይሄን ቤት አከራዩት። ልጅቷም ወገቧ ሳይሰበር ሥራዋን ትሥራ።»

ሁሉም ወደ ወለሉ አየ። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። እምቢ ለማለት ምክንያት የለውም። የዚያችን ሴት ምድር ቤት አሰብኩት። ስትፈልግ የምትመጣበት፣ ሳትፈልግ የምትተወኝ፣ ከላዬ እግሯ ሲረግጥ የምሰማበት።

«አልሄድም» አልኩ።

«ማን ያነሳሻል?» አለችኝ።

ሶስና ያኔ አፏን ከፈተች። አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለት በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ፣ በእድሩ አዳራሽ እንደ እኔ ላሉ ሰዎች ስፖርት ልታሠራ መሆኑን ሰምታለች። ከወንበሯ በራሷ ጉልበት ብድግ ካለችልኝ ብቻዬን አልጋ ላይ ላደርሳት እችላለሁ አለች። ሽማግሌው ዳኝነት ሰጡ። እስከ ፋሲካ ይታይ። በሶስና ድጋፍ ብቻ ከተነሳሁ ቤቴ እቀራለሁ፤ ካልተነሳሁ ለቡ። እትዬ ዘነበች «እኔ ምን ቸገረኝ» አለች።

የእድር አዳራሹን የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። በአንድ በኩል የድንኳን ብረት፣ የተቆለለ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት። በዚያ ለቅሶ ዕቃ መሀል ዊልቸሮቻችንን ክብ አድርገው አቆሙን። አጠገቤ ኦቦ ገለታ ነበሩ፤ የላፍቶ የጥንት ገበሬ፣ የእሳቸውም አእምሮ እንደ እኔ የሚመጣ የሚሄድ። በመስኮቱ ማዶ ያለውን ኮንዶሚኒየም እያሳዩ «ያ ሕንፃ የቆመው ባቄላዬ ላይ ነው» ይላሉ። በየቀኑ እንደ አዲስ ነው የሚነግሩኝ። እኔም ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ እሰማለሁ፤ በዚህ ተስማምተናል። ድንኳኑን አይተው እንደ ኦሮምኛ ወጋቸው «አደ አስካለ፣ ዕቃችን ቀድሞን መጥቷል» ሲሉኝ ከወደቅሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።

ባለሙያዋ መቅደስ ትባላለች፤ የሶስና እኩያ ብትሆን ነው። በመጀመሪያ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከቤተ ሰቦቻችን ጋር ነው የተጣላችው። እሷ ክንድ አንሡ ስትል ልጆቻችን ሮጠው መጥተው ክንዳችንን ያነሱልናል። የአንዲቱ እናት ልጅ ደግሞ «ትልቅ ሰው እግር ያስወረውራሉ እንዴ?» ብላ እናቷን ገፍታ ይዛ ወጣች፤ አልተመለሰችም። መቅደስ ልጆቹን ሁሉ በአግዳሚ ወንበር አስቀምጣ «እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ ክተቱ» አለቻቸው። ሶስና ስትጨነቅ አያታለሁ። ውሃ ልጠጣ ኩባያ ሳነሳ፣ ግማሹ ደረቴ ላይ ሲፈስ፣ አልተነሳችም። ያን ቀን የደረሰኝ ግማሽ ኩባያ ውሃ ከብዙ ጊዜ በኋላ በራሴ እጅ የጠጣሁት ነበር።

አሠራሩን ልናገር፤ ለሚሞክር ይጠቅመዋል። ከሁሉ በፊት ፍሬኑ ይያዛል። የእግር መደገፊያው ይታጠፍና ጫማችን ወለሉን ይረግጣል። ትከሻ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች። ነጠላ በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ወጥሮ ማንሳት። የሚያም ከሆነ ይቆማል፤ ጀግንነት የለም። ዙሩ አጭር ነው፣ ዕረፍቱ ረጅም። ሐኪም ሳያየው የጀመረ ሰው አልነበረም።

ችግሩ ቃል ነበር። «ተረከዝዎን ያንሱ፣ ጣትዎን ያሳርፉ» ስትለኝ እሰማታለሁ፤ ቃሉን እችለዋለሁ፤ እግሬ ግን አይመጣም። የዚህ ሕመም ጤነኛ የማያውቀው ነገር ይህ ነው። አልገባትም ይላሉ። ገብቶኛል፤ ከጆሮዬ እስከ እግሬ ያለው መንገድ ነው የፈረሰው። መቅደስ ይህን ቶሎ ያዘች። ድሮ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ልብ በሉ፣ እኔን። ነገርኳት። በሚቀጥለው ቀን አንድ ዩኒፎርም ጨርቅ አምጥታ በእጄ አስያዘችኝ። «እማማ አስካለ፣ ነገ ትምህርት ይከፈታል፣ አልደረሰም» አለችኝ። ጨርቁን ስወጥር እግሬ በራሱ ጀመረ። ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት። መኪናው የለም፤ እግሬ ግን እየሰፋ ነው። ለኦቦ ገለታ እንጨት አስያዘቻቸው፤ ዊልቸራቸው ላይ ሆነው ጎንበስ ቀና እያሉ አጨዱ። እህል የመሰለ ላብ ወጣቸው፤ ሲጨርሱ «የኮንዶሚኒየሙን ሰዎች ዛሬ አላየኋቸውም» አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጾሙ ገባ። ጉልበቴ መዘርጋት ጀመረ። ጭኔ ሥጋ አወጣ። ሌሊት ከእንቅልፌ ነቅቼ የት እንደሆንኩ ሲጠፋኝ፣ ብርድ ልብሱ ሥር እግሬን መርገጥ እጀምራለሁ፤ መኪናዬ ያለችበት ቤቴ ነው ማለት ነው እያልኩ ልቤ ይረጋል።

መነሳቱ ግን እምቢ አለ። መቅደስ ፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታሳየኛለች። ወደ ፊት ዘንበል፣ እጅ መደገፊያው ላይ፣ ግፊት፣ ብድግ። እኔ ዘንበል እልና እዚያው እቀራለሁ። «ደግፈን እናንሳት» ሲሏት እምቢ ትላለች። ጉልበቴን ዳስሳ፣ «እግርዎ ደርሷል፤ ትእዛዙ ነው ያልደረሰው» አለችኝ። የስፌቱን ዓይነት ዘዴ ፈለገችለት። «ኖር» ብዬ እነሳ እንደሆነ ብላ የእድሩን ሊቀመንበር አስገብታ ሞከረች፤ ቄሱንም አስገባች። ለቄሱ ቂጤ ከወንበሩ ትንሽ ለቀቀና ተመልሶ ተቀመጠ። ሶስና በሰሙነ ሕማማት ሰኞ፣ ያላየኋት መስሏት፣ ልብሶቼን በሻንጣ ታጥፍ ነበር። ለምን እንደምታጥፍ አልጠየቅኋትም። አጠፋፏ ግን አላማረኝም፤ አስገልጬ እንደገና አሳጠፍኳት።

ማግስቱን አዳራሹ ውስጥ ክብ ሠርተን ነበር። ለእረፍት አቁመን፣ ኦቦ ገለታ ስለ ባቄላው እየነገሩኝ። ጀርባዬን ወደ ግድግዳ፣ ፊቴን ወደ በሩ ነበርኩ። በሩ ተከፈተና እትዬ ዘነበች ገባች። ነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን ለሕማማት አዘቅዝቃ። ምድር ቤቱን አስጸድታ፣ ለፋሲካ የሚወስደኝን መኪና ልታስተካክል ሶስናን ፈልጋ ነው የመጣችው።

ኦቦ ገለታ ከወንበራቸው ንቅንቅ ብለው «ኖር» አሉ።

እኔም «ኖር» አልኩ።

ሳየው ቆሜያለሁ። እጄ መደገፊያውን መቼ እንደገፋ አላውቅም። ጉልበቴ ተዘርግቷል፣ ጫማዬ ወለሉን ይዟል፣ ነጠላዬ ከትከሻዬ ወርዷል። ድንኳን ውስጥ የማልሁትን፣ እስከዚያ ቀን የጠበቅሁትን ነገር ሰውነቴ ሳያማክረኝ አፈረሰው። ለማን ቢሉ ለእሷ። ለልጄ ያልተነሳሁ፣ ለቄስ ያልተነሳሁ ሰው። ንዴቱ ጭንቅላቴ ላይ ሲወጣ ይሰማኛል፤ እግሬ ግን አልሰማኝም፤ ቆሟል።

መቅደስ ከኋላዬ መጣች፤ እጇን ዘርግታ ሳትነካኝ ቆመች። ሶስና ከአግዳሚው ላይ ልትነሳ ስትል በዓይኗ አስቀመጠቻት።

እትዬ ዘነበች በር ላይ ናት። እንደ ልማዷ አላለፈችም። ነጠላዋን አላስተካከለችም። አፏን ከፍታ ታየኛለች። እኔ ደግሞ እጠብቃለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ፤ እስክትል እንድጠብቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«በእግዜር» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጪ አስካለ። ኧረ ትወድቂያለሽ፣ ተቀመጪ።»

ያችን ቃል ሙሽራ ሳለሁ ጀምሮ ጠብቄያታለሁ። አሁን ስትመጣ ምን አስቸኮለኝ?

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። አልቸኮልኩም» አልኳት።

ከዚያ እግሬ ለራሱ ሲበቃው፣ መቅደስ እንዳስተማረችን ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ። ሶስና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ኦቦ ገለታ «ማን ናቸው ሴትዮዋ?» ብለው ጠየቁኝ። «የባለቤቴ እህት ናት» አልኳቸው። «ትልቅ ሰው መሆን አለባቸው» አሉ።

መቅደስ ብልጥ ናት። እትዬ ዘነበችን በትህትና ክንዷን ይዛ «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንዴ ወጥተው ተመልሰው ይግቡ» አለቻት። እትዬ ዘነበች ያልገባት መሰለች። ወጣች፣ ገባች። ተነሳሁ። «በእግዜር» አለች። እንደገና አስወጣቻት። ያን ቀን ያች ሴት በዚያ በር ስትመላለስ ማየት ከዳሌዬ ብረት ይበልጥ የሚያሽር ነገር ነበር፤ ሶስና ይህን አውጪው ብላኛለች፣ አላወጣውም።

በትንሣኤ ማግስት ሽማግሌው ቤቴ መጡ። ሶስና አጠገቤ ቆመች፤ እትዬ ዘነበች ከግቢ ገባች፤ ተነሳሁ፤ ሶስና ወገቤን ብቻ ይዛ አልጋዬ ላይ አደረሰችኝ። ስለ ለቡ ያነሳ የለም። ሻንጣው ተፈታ።

ይህን ያነበበ ሰው ዳነች እንዳይል። ሕመሙ አለ። አንዳንድ ጠዋት ሶስናን «የኔ እመቤት፣ የማን ልጅ ነሽ?» እላታለሁ አሉ። የተመለሰልኝ እግሬና እጄ ነው። ራሴ እጎርሳለሁ፣ ራሴ ጸጉሬን አበጥራለሁ፤ ጀርባው ይንጨባረራል፣ ይንጨባረር። ለልጆች የምለው ይኼው ነው። እናታችሁ ኩባያ ስታነሳ እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ ክተቱ። ውሃው ይፍሰስ። በብብቷ አታንሷት። ድሮ ምን ትሠራ እንደነበር እሷኑ ጠይቋት፤ በቃል ባይሆን በእጇ ትመልስላችኋለች።

እትዬ ዘነበች ከፋሲካ ወዲህ ስፖርት ባለ ቁጥር አዳራሹ ትመጣለች። ከለቡ ድረስ። ለእኔ ብላ አይደለም ትላለች፤ በዚያው ገበያ አለኝ ትላለች። ልጆቿ ሲያመሹ ያ ትልቅ ቤት ጭር እንደሚል ሶስና ነግራኛለች። ትገባለች፣ እነሳለሁ፣ «በእግዜር» ትላለች። ልማድ ሆነ።

ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ነገር ደረሰ፤ ይህን ሁሉ ለመቅዳት የተነሳሁትም በእሱ ነው። ሴትዮዋ ገባች፤ ተነሳሁ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዞር ብዬ ሶስናን «ይቺ ደግ የሚመስል ፊት ያላት ሴት ማናት?» አልኳት አሉ። ማታ ሲነገረኝ ደነገጥኩ። ስሟ ብቻ አይደለም የጠፋብኝ፤ ያደረገችኝ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። እሷም ሰምታኛለች። መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ስሟን እንደ እንግዳ ነገረችኝ አሉ። ሌላውን አልነገረችኝም። ሕመሙ ይህንንም ሊወስደው ነው ማለት ነው። ይውሰደው እንዳልል ለእሷ ማመቻቸት ይሆንብኛል፤ አይውሰደው እንዳልል ደክሞኛል። ስለዚህ እዚህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት ታክሲ አጥተን አርፍደን ደረስን። ሶስና እየገፋችኝ በሩን ስናልፍ ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። እትዬ ዘነበች አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ሁሉንም አስታውሳለሁ፤ ስሟን፣ ሥራዋን፣ ሆዴን ገፍቼ የቆምኩበትን ቀን። አየችኝ። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ወገቧን እያቃናች፣ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ኖር» አለችኝ።

ሶስናን በእጄ ምልክት አስቆምኳት። ፍሬኑን ራሴ ያዝኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ኦቦ ገለታን ሰላም አልኩ፣ ባቄላው እንዴት እንደሰነበተ ጠየቅኋቸው። እሷ ቆማለች። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ያንን ንቅጥቅጥ አውቀዋለሁ።

ከዚያ በላይ አላቆየኋትም።

«በእግዜር» አልኳት። «ተቀመጪ።»